የእምቦጭ ሒሳብ፤ በውኃ ላይ ስለሚያድገው ዕዳ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት



በንግድ ጋዜጣ ላይ ስለ ሐይቅ አረም መጻፍ ምን ያስፈልጋል ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ከሃያ ዓመት በላይ በመርካቶ የአንድ እህል ነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ የኖረ ሰው እንጂ የዕፀዋት ሊቅ ስላልሆነ፣ ጥያቄው ለእርሱም እንግዳ አይደለም። ነገር ግን አረሙ ራሱ በደብዳቤ መዝገባችን ውስጥ ገብቶ ስላስተማረኝ፣ ያየሁትንና ያነበብሁትን ለሙያ ወንድሞቼና እኅቶቼ ማካፈል ግዴታዬ መስሎ ታይቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር በፎገራ ወረዳ፣ በወረታ አካባቢ ያለ አንድ የቆየ ደንበኛችን ቀብድ የተቀበለበትን ሩዝ በቀጠሮው ቀን ሳያስረክብ ቀረ። አሠሪዬም፣ «ደብዳቤ ጻፍለት፤ ጠንከር ያለ ይሁን» ብለው አዘዙኝ። እኔም በሙያዬ የምመካ ሰው ነኝና፣ በ15 ቀን ውስጥ እህሉን ባያስረክብ ቀብዱን ከነኪሳራው በሕግ እንደምንጠይቅ አስረግጬ ጻፍሁ። መልሱ ከሁለት መስመር አላለፈም፦ «ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። እህሉን ለሌላ አልሸጥሁትም፤ ማሳው ያለበትን መጥተህ እይልኝ» የሚል ነበር።

አሠሪዬ መልሱን አንብበው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ሂድና እይ፤ ሳያዩ መክሰስ ነውር ነው» አሉኝ። ሄድሁ። ደንበኛችን ወደ ሐይቁ ዳር ይዞኝ በወረደ ጊዜ ከሩቅ የታየኝ ነገር ለምለም አረንጓዴ ሜዳ ነበር። እኔም፣ «ይህ ሁሉ ሩዝ ቆሞ ሳለ ምን ትላለህ?» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ቀረብ ስንል ግን ያየሁት ሩዝ አይደለም፤ እምቦጭ ነው። በክረምት የሞላው ሐይቅ ተሸክሞት መጥቶ፣ ውኃው ሲሸሽ በማሳውና በግጦሹ ላይ እንደ ምንጣፍ ዘርግቶት ሄዷል። ሩዙ ከሥሩ ነበረ፤ ታፍኖ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ አረም ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተጨመረባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

1ኛ. እምቦጭ ምንድን ነው?

እምቦጭ በውኃ ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር አረም ነው። ቅጠሉ ወፍራም፣ አንጸባራቂና ክብ መሰል ነው፤ የቅጠሉ አገዳ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ ስለ ሆነ ተክሉን ከመስጠም ይጠብቀዋል። ሥሩ እንደ ላባ ተበትኖ በውኃው ውስጥ ወደ ታች ይንጠለጠላል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ውበቱንም ማንም ሊክደው አይችልም። በደጋ አገር የሚበቅለውና እረኞች የሚያኝኩት እምቧጮ በስም ቢቀራረበውም ዘመዱ አይደለም።

አረሙ በሁለት መንገድ ይራባል። አንደኛው፣ እናቲቱ ተክል ወደ ጎን ቅርንጫፍ ትሰድና በጫፉ ላይ ልጅ ታበቅላለች፤ ልጂቱም ብትቆረጥ ብቻዋን ትኖራለች። ሁለተኛው በዘር ነው። ዘሩ ወደ ታች ሰምጦ በጭቃው ውስጥ 15 እና 20 ዓመት ያህል ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ፀሐይ ባገኘ ጊዜም ይበቅላል። እንግዲህ ሐይቁን ከላይ ያጸዳ ሰው ከታች ያለውን መጋዘን ገና አልነካውም ማለት ነው።

ምግቡ በውኃ ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። ይህም ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ጎርፍ ከሚያወርደው አፈር፣ ከሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ከሳሙናና ከበሰበሰ ነገር ሁሉ ይገኛል። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እሻለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በውኃ ዳር የሚበቅል ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። ደንገል የጣና ታንኳ የሚሠራበት ነው፤ ፊላም በዳር ቆሞ ደለል ያግዳል፣ ለዓሣ መራቢያ መጠለያ ይሰጣል። ሐይቁን አጸዳለሁ ብሎ ደንገሉን ከእምቦጩ ጋር የሚያጭድ ሰው፣ ዘበኛውን ከሌባው ጋር አስሮ እንደሚወስድ ሹም ነው።

2ኛ. ከየት መጣ?

የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። ከዚያ ያወጣው ነፋስ ወይም ወፍ ሳይሆን የአበባው ውበትና የሰው ንግድ ነው። በ1884 በኒው ኦርሊንስ ከተማ በተከፈተው የዓለም የጥጥ ኤግዚቢሽን ላይ ለጎብኝዎች ስጦታ ተሰጥቶ ነበር ተብሎ ይነገራል። ተቀባዮቹ በየኩሬያቸው አኖሩት፤ ኩሬው ሲሞላ ትርፉን ወደ ወንዝ ጣሉት። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ የፍሎሪዳና የሉዊዚያና ወንዞች ለመርከብ መሄጃ አጡ። በ1899 የአሜሪካ ምክር ቤት አረሙን የማጽዳቱን ሥራ ለጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች እስከ መስጠት ደረሰ።

በ1910 ደግሞ አስመጪዎችን ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ሆነ። ሮበርት ብሩሳርድ የተባሉ የሉዊዚያና እንደራሴ፣ ጉማሬ ከአፍሪካ ይምጣና አረሙን ይብላ፣ ሥጋውንም ሕዝቡ ይብላ ብለው የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። ይህም መልካም ሆነ፤ በአንድ እንግዳ ፍጥረት የተበላሸውን በሌላ እንግዳ ፍጥረት ሳይመረምሩ ማቅናት ዕዳን በዕዳ መክፈል ነውና።

ወደ ግብፅ አረሙ የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሱዳን ነጭ ዓባይ ላይ ታየ። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ መገኘቱ ተመዝግቧል፤ በጋምቤላ በኩልም ባሮን ይዞታል። በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2011 ሲሆን፣ የጀመረውም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው። ከዚያ ደምቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን አዳረሰ። በቆቃ ከታየበት በጣና እስከታየበት ድረስ 46 ዓመት እንዳለፈ ልብ ይሏል። በቆቃ በታየ ጊዜ ገና ትንሽ ዕዳ ነበር፤ ማንም ግን ሒሳቡን አልዘጋውም።

3ኛ. የሚያድግበት ሒሳብ

ነጋዴ ወለድ ምን እንደሆነ ከማንም የተሻለ ያውቃል። ወለድ በወለድ ላይ ሲታሰብ ትንሹ ዕዳ ቤት እንደሚያሸጥም ያውቃል። የእምቦጭ አስተዳደግ ይኸው ነው።

በሚመቸው ሙቀትና ምግብ ባለው ውኃ አረሙ በሁለት ሳምንት ያህል ራሱን እጥፍ ያደርጋል፤ ከዚህም የሚፈጥንበት ጊዜ አለ። በ15 ቀን እጥፍ ይሆናል ብለን እናስላ። አንድ ካሬ ሜትር፣ ማለትም አንድ የሱቅ መስኮት የሚያህል እምቦጭ፣ በ15 ቀን 2፣ በ30 ቀን 4፣ በ45 ቀን 8፣ በ60 ቀን 16 ካሬ ሜትር ይሆናል። እስከዚህ ማንም አይደነግጥም። በ150 ቀን 1,024 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም አንድ ሰፊ መጋዘን ነው። በ300 ቀን ግን 1,048,576 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም 105 ሄክታር ያህል፣ በቀድሞው መለኪያ ከሁለት ጋሻ ተኩል የሚበልጥ ነው። በእውነቱ ነፋስና ማዕበል፣ ብርድና የቦታ ጥበት ዕድገቱን ስለሚገቱት ቁጥሩ ሁልጊዜ እንዲህ አይሞላም፤ የሒሳቡ ጠባይ ግን ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ በዘመቻ እንንቀለው። 100 ሄክታር እምቦጭ ነበረ እንበል፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወጥቶ 90 ሄክታሩን አስወገደ። ሁሉም ደስ ብሎት ወደየቤቱ ገባ። የቀረው 10 ሄክታር በ15 ቀን 20፣ በ30 ቀን 40፣ በ45 ቀን 80 ይሆናል፤ 50ኛው ቀን ላይም ወደ 100 ሄክታሩ ይመለሳል። ከመቶ ዘጠናውን የተከፈለ ዕዳ በሁለት ወር ሳይሞላ እንደ ነበረ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ለእምቦጭ ታላቁ ቀን የዘመቻው ቀን አይደለም፤ ከዘመቻው በኋላ ያለው 15ኛው ቀን ነው።

4ኛ. በንግድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የእህል ነጋዴ የጣናን ዳርቻ በሩዙ፣ በሽምብራውና በጤፉ ያውቀዋል። ውኃ ሲሸሽ የሚታረሰው መሬት ከአገሩ ለም መሬት አንዱ ነው፤ እምቦጭም የሚተኛው በዚያው ላይ ነው። ገበሬው ከማረሱ በፊት መንቀልና ማውጣት ስላለበት የእርሻው ወራት ያልፈዋል፤ የሠራተኛው ዋጋም በእህሉ ላይ ተጨምሮ እህል በረንዳ ይደርሳል። ግጦሹ ሲያዝ ከብቱ ይከሳል፤ የሰባ ሰንጋና ቅቤ የሚነግድም ያንኑ ዕዳ በሌላ መስኮት ይከፍላል።

የዓሣ ነጋዴ ጉዳቱ ከዚህ የቀረበ ነው። ውኃው በእምቦጭ ሲሸፈን ብርሃን ወደ ታች አይገባም፤ የረገፈው ቅጠል ሲበሰብስም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጂን ይጨርሰዋል። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ሲሆን፣ አረሙ የሚይዘውም ያንኑ ቦታ ነው። መረቡ ይጠላለፋል፣ ታንኳው መውጫ ያጣል፣ ሞተሩ ይታነቃል።

አዋሽን ብንወስድ፣ አረሙ ወደ ወንጂ የስኳር እርሻ የመስኖ ቦዮች ገብቶ ጠራጊ ሠራተኛ ያስፈልገዋል። አረሙ በተሸፈነው ውኃ ላይ የሚተነው ውኃ ከገላጣው ይበልጣል። ወባ ተሸካሚ ትንኝና የብልሃርዝያ ቀንድ አውጣም በጥላው ሥር ይመቻቸዋል፤ ሠራተኛው ሲታመም ሥራው ይቆማል።

ይህ ሁሉ ግምት ብቻ እንዳይመስል የቪክቶሪያን ሐይቅ እንመልከት። በ1990ዎቹ አረሙ የኬንያን የኪሱሙ ወደብ ዘግቶ መርከቦች እንዳይጠጉ አድርጓል፤ በኡጋንዳም በጂንጃ ያለውን የኦወን ፎልስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የውኃ መግቢያ አውኳል። ወደብና መብራት ሲቆም የቱ ንግድ ይሄዳል?

5ኛ. ለማስወገድ የሚሠራባቸው አራት መንገዶች

ሀ. በእጅ መንቀል። ከሁሉ የቆየውና ለሰው ሥራ የሚሰጥ ነው። በጣና ዙሪያ ገበሬዎች ለዓመታት በእጃቸው ሲነቅሉ ኖረዋል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.ም ለአንድ ወር የታወጀ ታላቅ ዘመቻ ተደርጓል። ጥሩነቱ ከጥግ ያለችውን አንዲት ተክል እንኳ ማግኘቱ ነው። ድካሙ ግን ብዙ ነው፤ ሠራተኛው እስከ ደረቱ በውኃ ውስጥ ስለሚውል ለበሽታ ይጋለጣል። የተነቀለውም ከውኃው ራቅ ተደርጎ ካልተከመረ፣ የሚቀጥለው ሙላት መልሶ ይወስደዋል። አበባው ዘር ሳይጥል መንቀል ከሁሉ ይበልጣል።

ለ. በማሽን ማጨድ። በአገር ውስጥና በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተው ለጣና ማጨጃ ማሽን እንዲገዛ አድርገዋል። ማሽኑ በአንድ ቀን የብዙ ሰው ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ መግባት ያስቸግረዋል፤ ነዳጅ፣ የሠለጠነ ነጂና መለዋወጫም ይፈልጋል። መኪና አስመጪ የሆነ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ያለ መለዋወጫ የተገዛ ማሽን ግማሹ ብቻ እንደተገዛ ይቆጠራል።

ሐ. በመድኃኒት መርጨት። አሜሪካኖችና ሱዳኖች ለብዙ ዓመታት ሠርተውበታል፤ ፈጣንም ነው። ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሞተው አረም ሰምጦ ይበሰብሳል፤ ኦክሲጂኑን ጨርሶ ዓሣ ይገድላል፤ ምግቡንም መልሶ ለውኃው ይለቅለታል። ሕዝብ በሚጠጣውና ዓሣ በሚያጠምድበት ሐይቅ ላይ መርዝ መርጨት እጅግ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ነው።

መ. በነፍሳት ማስበላት። ይህን የእህል ነጋዴ በተለይ ያስተውለው፤ ምክንያቱም ሠራተኛው የነቀዝ ዘመድ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ሁለት ዓይነት ነቀዝ መሰል ጥንዚዛዎች እምቦጭን እንጂ ሌላ ሰብል እንደማይበሉ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በኡጋንዳ በ1995፣ በኬንያም በ1997 ገደማ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተለቅቀዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አረሙ እጅግ ቀነሰ፤ የ1997 እና የ1998 ከባድ ዝናብና ማዕበልም ረድቷል። በአገራችንም የእርሻ ምርምር ሰዎች በእነዚህ ነፍሳት ላይ ጥናት አድርገዋል። ይህ መንገድ በርካሽ የሚሠራ ነው፤ ግን ዓመታትን ይጠይቃል፤ በብርድ አገርም ነፍሳቱ ቀስ ብለው ነው የሚራቡት። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው ግን፣ በኪሱሙ በኩል አረሙ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ለምን ቢባል፣ ምግቡ ወደ ሐይቁ መውረዱን አላቆመምና።

6ኛ. ከአረሙ ትርፍ ይገኛልን?

በየጊዜው ወደ ቢሯችን የሚመጡ ሰዎች፣ «እምቦጭን ከሰል እናድርገው፣ መኖ እናድርገው፣ ማዳበሪያ እናድርገው» እያሉ ሸርክና ይጠይቃሉ። አሠሪዬ ለእኔ ይመሩልኛል፤ እኔም አንድ ሒሳብ ሠርቼ አሳያቸዋለሁ።

ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ እምቦጭ በአንድ ሄክታር እስከ 400 ቶን፣ ማለት 4,000 ኩንታል ሊመዝን ይችላል። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ይጭናል ብንል 10 መኪና ይሆናል። ነገር ግን የእምቦጭ ክብደት ከመቶ 90 እስከ 95 እጁ ውኃ ነው። እንግዲህ ከ10 መኪና ዘጠኙ ወይም ከዚያ የሚበልጠው የጫነው ውኃ ነው ማለት ነው። በየትኛውም የጭነት ታሪፍ ውኃን ከጣና እስከ መርካቶ አጓጉዞ ያተረፈ ነጋዴ አላውቅም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ትርፍ የለም የሚል አይደለም። ሥራው በዚያው በሐይቁ ዳር መሆን አለበት የሚል ነው። እዚያው አድርቆ፣ እዚያው ብስባሽ ወይም ባዮጋዝ አድርጎ፣ አገዳውንም አድርቆ ቅርጫትና ወንበር መሥራት ይቻላል፤ በሌሎች አገሮች ተሠርቶበታል። ሁለት ነገር ግን መጠበቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ አረሙ ከቆሸሸ ውኃ ውስጥ ከባድ ማዕድናትን የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ ከፋብሪካ ፍሳሽ የተነቀለ እምቦጭ ለከብት መኖ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ከአረሙ የሚኖር ድርጅት አረሙ እንዲያልቅ አይመኝም፤ ስለዚህ ትርፉ ለማስወገጃው ወጪ መደጎሚያ እንጂ ለማቆያው ምክንያት እንዳይሆን ጥንቃቄ ይሻል።

7ኛ. የመርካቶ ድርሻ

ከፎገራ በተመለስሁ በጥቂት ወራት፣ ለሥራ ጉዳይ ወደ አቃቂ ወርጄ ሳለሁ የአባ ሳሙኤልን ግድብ አየሁ። ይህ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራ፣ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ የቆየና በ2016 እንደገና ታድሶ የተከፈተ የመብራት ግድብ ነው። በውኃው ላይ ያየሁት አረንጓዴ ምንጣፍ የፎገራው ወንድም ነበር። አሁን ግን ሩዝ ነው ብዬ አልተሳሳትሁም።

ይህን ማን ቀለበው ብዬ ጠየቅሁ። ከአዲስ ከተማ የሚወርደው ፍሳሽ በየቦዩ ወደ ጅረቶቹ፣ ከጅረቶቹ ወደ ትንሹ አቃቂ፣ ከትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽና ወደ ቆቃ ይሄዳል። ከየተራችን ወደ ቦይ የምንጥለው የበሰበሰ አትክልት፣ የሳሙና እጣቢ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽና የተበጠሰ ኬሻ ትራፊ ሁሉ መንገዱ ይኸው ነው። ለወረታው ሰው «ውልህን አላከበርህም» ብዬ የጻፍሁት እኔ፣ በቢሯችን በር ላይ ያለው ቦይ ወዴት እንደሚሄድ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የከተማው ፍሳሽ ሁሉ የነጋዴ ጥፋት ነው አልልም፤ ፋብሪካውም መኖሪያ ቤቱም አለበት። ነገር ግን ነጋዴ የራሱን ድርሻ ከጠቅላላው ዕዳ ለይቶ የማወቅ ልማድ ያለው ሰው ነው።

8ኛ. ነጋዴ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ወደ ቦይ የሚጣለውን መቀነስ። የአትክልትና የእህል ትራፊን ለይቶ አከማችቶ ለከብት አርቢ ወይም ለብስባሽ ሠሪ መስጠት ይቻላል። በአንድ ተራ ያሉ ሱቆች ተስማምተው አንድ የጋራ ማጠራቀሚያ ቢያደርጉ፣ ወጪው ለእያንዳንዱ ቀላል ይሆናል።

ሁለተኛ፣ አበባውን አለመነገድ። ለሆቴልና ለመኖሪያ ግቢ ኩሬ ጌጥ የሚሆን ተንሳፋፊ ተክል የሚያስመጣ ወይም የሚሸጥ ሰው፣ የኒው ኦርሊንሱን ስጦታ ያስታውስ። አሜሪካ በ1956 አረሙን ከግዛት ወደ ግዛት ማጓጓዝን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 እንዳይገባና እንዳይሸጥ ከከለከላቸው ተክሎች አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ ወደ አውሮፓ አበባና ተክል የሚልኩ ነጋዴዎች ይህን ማወቅ አለባቸው። ማናቸውም ችግኝ ያለ ዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀትና ያለ ማስገቢያ ፈቃድ ወደ አገር እንዳይገባ መጠበቅ የአስመጪው ክብር ነው።

ሦስተኛ፣ ጭነትን መፈተሽ። አንዲት ቅንጣቢ በመረብ፣ በጀልባ፣ በዓሣ ሣጥን ወይም እርጥብ አሸዋ በጫነ መኪና ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ልትሄድ ትችላለች። ዓሣና አሸዋ የሚያስጭን ነጋዴ ዕቃው ታጥቦና ደርቆ እንዲንቀሳቀስ ሾፌሩን ያዝዝ።

አራተኛ፣ ውልን ማስተካከል። ይህ የእኔ የጸሐፊው ሙያ ስለ ሆነ ጥቂት ላብራራው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1791 እና 1792 ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ባለዕዳውን ከኪሳራ ነጻ እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ነገር ግን ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው ይችል የነበረ ነገር ከዐቅም በላይ ነው አይባልም። እምቦጭ በጣና ላይ ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል። እንግዲህ ሻጩ «አላሰብሁትም ነበር» ቢል ክርክሩ ሊጠብበት ይችላል። ስለዚህ ከሐይቅ ዳር እህል ወይም ዓሣ የሚገዛ ሰው በውሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ቢያስገባ ለሁለቱም ወገን ይበጃል፦

«ሻጭ እምቦጭ ወደ ማሳው ወይም ወደ መጫኛው ቦታ መግባቱን ባየ በ8 ቀን ውስጥ ለገዢ በጽሑፍ ያስታውቃል። ጉዳቱ በአካባቢው የግብርና ባለሙያ ሲረጋገጥ የማስረከቢያው ጊዜ እስከሚቀጥለው መኸር ይራዘማል፤ ወይም ገዢ ከፈቀደ ቀብዱ ያለ ኪሳራ ይመለሳል።»

አምስተኛ፣ መዋጮን በየጊዜው ማድረግ። እስካሁን ነጋዴው የሚጠየቀው በዘመቻ ጊዜ ነው፤ ይሰጣልም። ከላይ ያየነው ሒሳብ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ከሚሰጥ አንድ ሺህ ብር፣ በየወሩ የሚሰጥ አንድ መቶ ብር እንደሚበልጥ ያስተምረናል፤ በጠቅላላው ሁለት መቶ ብር ስለሚበልጥ ብቻ ሳይሆን፣ በ15ኛው ቀን የሚነቅል ሰው ቀለብ ስለሚያገኝበት ነው። በየማኅበሩና በየዕቁቡ ይህ ቢታሰብበት መልካም ነው።

ማጠቃለያ

እምቦጭን የሚያሸንፈው አንድ ማሽን ወይም አንድ ዘመቻ ወይም አንድ ነፍሳት አይደለም። የሚያሸንፈው ሒሳቡ የገባው ሰው ነው። ሲጀምር ማየት፣ ትንሽ ሳለ መንቀል፣ ከተነቀለ በኋላ ሳያቋርጡ መጠበቅ፣ ከሁሉም በላይ ምግቡን ማቋረጥ፤ የዚህ ትምህርት ፍሬ ይኸው ነው። ዋናው ዕዳ ሳይዘጋ ወለዱን ብቻ የሚከፍል ሰው መቼም ከዕዳ እንደማይወጣ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

የወረታው ደንበኛችን ነገር እንዴት አለቀ ለሚል አንባቢ፣ አሠሪዬ የማስረከቢያውን ጊዜ እስከሚቀጥለው መኸር አራዘሙለት፤ እርሱም በቀጠሮው አስረከበ። ያ የጻፍሁት ጠንካራ ደብዳቤ ግልባጩ ዛሬም በፋይሉ ውስጥ አለ። አሠሪዬ፣ «ቅደደው» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን አልቀደድሁትም። የክስ ደብዳቤ እንድጽፍ በታዘዝሁ ቁጥር አስቀድሜ እርሱን አወጣና አነባለሁ፤ ከዚያም በመስኮት ወደ ቦያችን አያለሁ።